ጋዜጣ ያዘጋጁት ቃዲ



ቃዲ ሲባል በአብዛኞቻችን አእምሮ የሚመጣው ሥዕል አንድ ነው። ጥምጥም የጠመጠሙ ዓሊም፣ ፊት ለፊታቸው ኪታብና መዝገብ፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ተኳርፈው የቆሙ ባልና ሚስት፣ ወይም የአባታቸውን ቤት መካፈል ያቃታቸው ወንድማማቾች። ሰው ቃዲ ዘንድ የሚሄደው ሽማግሌ ሲያቅተው፣ ነገር ሲከር፣ ትዳር ሲፈርስ ነው። ስለዚህም ቃዲ ምንጊዜም የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ይህ የእርሱ ጥፋት አይደለም፤ የሥራው ጠባይ ነው።

ዛሬ የምናነሳቸው ሰው ግን ይህን ቅደም ተከተል ገለበጡት። አስቀድመው ወደ ሰው ቤት የገቡት በጋዜጣ ነው፤ የፍርዱ ወንበር የመጣው ከዚያ በኋላ ነበር። እኒህ ሰው የኬንያ ዋና ቃዲ የነበሩት ሸይኽ አል-አሚን ቢን ዐሊ አል-መዝሩዒ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። በ1891 በወደቧ ከተማ በሞምባሳ ተወልደው በ1947 ወደ አኼራ ሄዱ። (የኬንያውን ታሪክ ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ የእኛ ሲሆን እናመለክታለን።) ልጃቸውን ፕሮፌሰር ዐሊ መዝሩዒን በመጻሕፍቱና በቴሌቪዥን ፊልሙ የሚያውቅ አንባቢ አይጠፋም። አባትየውን የሚያውቅ ግን ከወጣቶቻችን መካከል ብዙ አላገኘሁም። ጎረቤታችን ሆነው ሳለ!

የመዝሩዒ ቤተሰብ ምንጩ ዑማን ነው። ሞምባሳን ለረጅም ጊዜ ካስተዳደረ በኋላ በ1837 ሥልጣኑን በሱልጣን ሰዒድ ተነጠቀ። ሥልጣን የሄደበት ቤት ብዙውን ጊዜ በቁጭትና በትዝታ ይኖራል። ከዚህ ቤት ውስጥ ግን ፊታቸውን ወደ ዒልም ያዞሩ ሰዎች ተነሡ። የሸይኽ አል-አሚን አባት ሸይኽ ዐሊ ቢን ዐብደላህ ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። እርሳቸው በ1894 ሲሞቱ ልጃቸው ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። በዓመቱ ደግሞ እንግሊዞች ከዛንዚባሩ ሱልጣን ጋር ተዋውለው የባሕሩን ዳርቻ ያዙ። ከመዝሩዒዎች አንዱ ሙባረክ ቢን ራሺድ ጦር አንሥተው ተዋጉ፤ ሳይሳካላቸው ቀርቶ ጀርመኖች ወደሚገዙት ምድር ተሰደዱ። እንግዲህ የቲሙ አል-አሚን ያደገው በዚህ መካከል ነው። አባት የለም፣ የዘመዶቹ ጦር ተሸንፏል፣ በወደቡ ላይ የባዕድ ሹም ተቀምጧል።

ያሳደጉትና ያስተማሩት ዘመዳቸው ሸይኽ ሱለይማን ቢን ዐሊ ናቸው፤ እርሳቸውም ቃዲ ነበሩ። የቲም ማሳደግ ማብላትና ማልበስ ብቻ ለሚመስለን ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ሸይኽ ሱለይማን ለልጁ ዒልም አወረሱት። ከዚያም አል-አሚን ባሕር ተሻግረው ዛንዚባር ወረዱ። ለእኛ ደረሶች ዳናና ጀማ ንጉሥ እንደነበሩ ሁሉ፣ ለምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ሙስሊሞች የዚያ ዘመን የዒልም መናኸሪያ ዛንዚባር ነበረች። በዚያም ከታላላቆቹ ዑለሞች ከሰይድ አሕመድ ቢን ሱመይጥና ከሸይኽ ዐብደላህ ባከሲር ቀሩ። ከካይሮ ይታተም የነበረውን የረሺድ ሪዳን «አል-መናር» የተባለ መጽሔትም ይከታተሉ ነበር። ይህ መጽሔት በእርሳቸው ላይ ያሳደረው ነገር ትልቅ ነው። ዓሊም ከሐለቃው ውጭ ላለ ሰው፣ በማያውቀው አገር ለሚኖር አንባቢ ሁሉ ሊያስተምር እንደሚችል ያዩት በእርሱ ነው።

ታዲያ በ1930 «ሰሒፋ» የተባለች ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ አወጡ። በስዋሂሊኛ የተዘጋጀች የመጀመሪያዋ ኢስላማዊ ጋዜጣ እርሷ ናት። በ1932 ደግሞ በዐረብኛና በስዋሂሊኛ የሚጻፈውን «አል-ኢስላሕ» አስከተሉ፤ ትርጉሙ «ማስተካከል፣ ማበጀት» ማለት ነው። ሁለቱም ዕድሜያቸው አጭር ነበር። ጋዜጣ ማሳተም ምን ያህል ወጪና ድካም እንዳለው የምናውቀው እኛ በዚህ ሥራ ያለን ሰዎች ስለሆንን፣ አጭር መሆኑ አይገርመንም፤ የሚገርመን መጀመሩ ነው። ጽሑፎቹ ግን አልጠፉም። በ1944 ከሰሒፋ የተመረጡት «ኡዎንጎዚ» ማለትም «መመሪያ» በሚል ርእስ በመጽሐፍ ታተሙ፤ በ2017ም ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመው ወጡ።

ለምን በስዋሂሊኛ? ጥያቄው ዛሬ ቀላል ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን ዓሊም የሚጽፈው በዐረብኛ ነው። ሸይኽ አል-አሚን ራሳቸው የዐረብኛ ሊቅ ነበሩ፤ የመዝሩዒዎችን ታሪክ የጻፉት በዐረብኛ ነው፤ ወጣቶችም ዐረብኛ እንዲማሩ አጥብቀው ይመክሩ ነበር። ሆኖም ዓሣ አጥማጁ፣ የወደቡ ተሸካሚ፣ ልጆቿን ይዛ ቤት የምትውለው እናት ዐረብኛ እስኪያውቁ ድረስ ዲናቸው ይጠብቃቸው አላሉም። እኛም አገር የወሎ መሻይኾች መንዙማቸውን በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ የጻፉት ያለ ምክንያት አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ነገር ላንሣ። ከዓመታት በፊት አንዲት አክስቴን ለውርስ ጉዳይ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት አጅቤያት ሄጄ ነበር። ባሏ ሞቶ፣ ከፊተኛዋ ሚስቱ ልጆች ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ተጣልተው ነበር፤ በዒድ እንኳ አይጠያየቁም። ፍርዱ ተነበበ። አክስቴ አንገቷን ደፍታ ሰማችና ወደኔ ዞራ «ምን አሉ?» አለችኝ። እኔ ልመልስላት ስል ቃዲው ሰሟት። መዝገቡን ዘጉና «እናቴ፣ ልንገርዎት» ብለው በጣታቸው እየቆጠሩ አስረዷት። ልጆች ስላሉ የሚስት ድርሻ ከስምንት አንድ ነው፤ የቀረው የልጆቹ ነው፤ ወንዱ የሴቷን እጥፍ ይወስዳል፤ የፊተኛዋም የኋለኛዋም ልጆች እኩል ልጆች ናቸው። አለቀ። አክስቴ ከግቢው እስክንወጣ ዝም አለች። ታክሲ ስንጠብቅ «ይኼን የሚነግረን ሰው ባሌ በሕይወት እያለ ቢመጣ ኖሮ፣ እኒያን ልጆች አላስቀይምም ነበር» አለችኝ።

ስለ ሸይኽ አል-አሚን ባነበብሁ ቁጥር የምትታወሰኝ አክስቴ ናት።

የጋዜጦቻቸው ዋና ርእስ የሙስሊሙ ኋላ መቅረት ነበር። የቅኝ ገዢውን በደል አልካዱም፤ ብዕራቸው ግን ዘወትር የሚመለሰው ወደ ራሳችን ነው። ሌሎች ማኅበረሰቦች ገንዘብ አዋጥተው ትምህርት ቤት ሲከፍቱ እኛ ምን ሠራን? የሚል ነው ጥያቄያቸው። አውሮፓውያንን በልብስና በአለባበስ የሚመስሉ፣ ነገር ግን ትጋታቸውንና ዕውቀታቸውን ያልወሰዱ ወጣቶችን ተችተዋል። ይህ አነጋገር ለዛሬ ወጣት ጆሮም እንግዳ አይመስለኝም።

በትምህርት ጉዳይ የያዙት አቋም በተለይ ለወላጆች ይጠቅማል። በዚያ ዘመን የሞምባሳ አባት በሁለት ነገር መካከል ነበር። ልጁን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ቢልከው፣ ብዙዎቹ በሚሲዮናውያን የተያዙ ስለሆኑ ለዲኑ ይፈራል። ባይልከው ደግሞ ልጁ ከሥራም ከሹመትም ወደ ኋላ ይቀራል። ብዙዎች ሁለተኛውን መረጡ። ሸይኽ አል-አሚን ፍርሃቱን አልናቁትም፤ መፍትሔው ግን ልጁን ቤት ማስቀመጥ ነው አላሉም። ዲንና ዘመናዊ ዕውቀት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጥበትን ትምህርት ቤት ራሳችን እንሥራ አሉ። ለልጆችም የዲን መማሪያ መጽሐፍ ጻፉ። የሴቶች ልጆች ትምህርትንም በአደባባይ ደገፉ፤ ይህንንም ያደረጉት በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። የአያቶቻችንን ዘመን እናስታውስ፤ ሴት ልጅ ትማር ማለት እንኳን ለዓሊም፣ ለማንም ሰው ቀላል ንግግር አልነበረም።

ሁሉም ሰው ወደዳቸው ማለት አይደለም። ቢድዓ ነው ያሉትን ልማድ በግልጽ ነቅፈዋል፤ ለድግስና ለጭፈራ ውድድር የሚፈሰውን ገንዘብም እንዲሁ። ከአዛውንቱም ከመሻይኹም «እናትና አባቶቻችን የኖሩበትን የምታፈርስ አንተ ማነህ» ያለ አልጠፋም። እኛም በየመስጊዳችን እንዲህ ያለውን ክርክር እናውቀዋለን፤ አንዳንዴም ከክርክር አልፎ ወንድም ከወንድሙ ኋላ እስከ አለመስገድ ደርሷል። ሸይኽ አል-አሚንን በዚህ ረገድ ለማየት የምወደው አንድ ነገር አለ። የቀሩባቸው የዛንዚባር መሻይኾች የሐድረሞት ሱፊያ መንገድ ሰዎች ነበሩ፤ ተማሪው በብዙ ነገር ሌላ መንገድ ያዘ፤ ሆኖም መነሻው የእነርሱ ሐለቃ መሆኑ አልተካደም። ከሸይኻቸው በሐሳብ መለየትና ሸይኻቸውን ማዋረድ አንድ የሚመስላቸው ወጣቶች ይህን ልብ ቢሉት ደስ ይለኛል።

የሞምባሳ ቃዲነት የተሰጣቸው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በ1937 ደግሞ የኬንያ ዋና ቃዲ ሆኑ፤ እስኪሞቱም አሥር ዓመት በዚሁ ሹመት ቆዩ። ሹመቱ ቀላል አልነበረም። እንግሊዞች በ1895ቱ ውል የዳርቻውን ሙስሊሞች ዳኝነት እንደሚያከብሩ ቃል ገብተው ነበር፤ በተግባር ግን የቃዲው ሥልጣን በኒካሕ፣ በፍቺ፣ በቀለብና በውርስ ላይ እየተወሰነ መጣ። ደመወዙን የሚከፍለውም የቅኝ ገዢው መንግሥት ነው። ሙባረክን ያሳደደ መንግሥት የሙባረክን ዘመድ ቃዲ ብሎ ሾመ ማለት ነው! አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ማጎብደድ ሊያየው ይችላል። እኔ እንዲህ አላየውም። ወንበሩ ባዶ ቢቀር የምትጎዳው ቀለብ የተከለከለችው ሴት፣ ድርሻው የተበላበት የቲም ናቸው። የቲምነትን ደግሞ ሸይኽ አል-አሚን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ያ ዳኝነት ዛሬም አለ። በ1963 ኬንያ ነፃ ልትወጣ ስትል የቃዲ ፍርድ ቤቶች እንዲቀጥሉ ስምምነት ተደረገ፤ የ2010ሩ ሕገ መንግሥትም አጸናቸው። የሚዳኙት ሙስሊሞች በቤተሰብና በውርስ ጉዳይ፣ ያውም ሁሉም ወገኖች ሲስማሙ ነው። የእኛንም ያየ ሰው መመሳሰሉ ይታየዋል። ሸይኽ አል-አሚን በወንበራቸው ላይ እያሉ በ1934 እና በ1936 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቃዲዎችን ሥልጣን በሕግ ያወቁ አዋጆች ወጡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለሃይማኖት ፍርድ ቤቶች በር ከፈተ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ደግሞ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በመጀመሪያ ደረጃ፣ በከፍተኛና በጠቅላይ አደራጀ። እዚህም የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ግዴታ ነው። እንግዲህ ወደ ቃዲ የሚሄድ ሰው ወዶ ነው የሚሄደው። ወዶ የሚሄደውም ሸሪዓው ምን እንደሚልለትና ምን እንደሚልበት ሲያውቅ ነው።

የሸይኹ ትልቁ ምኞት ግን ከፍርድም ከጋዜጣም በላይ ነበር፤ ቁርኣንን በስዋሂሊኛ ማስረዳት። ለዚህ ምክንያት ነበራቸው። በ1923 የታተመው የመጀመሪያው ሙሉ የስዋሂሊኛ ትርጉም የአንድ እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ፣ የጎድፍሬይ ዴል ሥራ ነው። እስቲ አስቡት፤ ዐረብኛ የማያውቅ ሙስሊም ልጅ አላህ ምን እንዳለው በቋንቋው ለማንበብ ሲፈልግ የሚያገኘው ሃይማኖቱን ሊያስለውጠው የመጣ ሰው የጻፈውን ነው። ሸይኽ አል-አሚን ተፍሲራቸውን ጀመሩ። ሳይጨርሱ አጀል ቀደማቸው። ደረሳቸውና ዘመዳቸው ሸይኽ ሙሐመድ ቃሲም መዝሩዒ፣ እርሳቸውም ኋላ ዋና ቃዲ የሆኑት፣ ጽሑፉን አሰናድተው ያዙ፤ የፋቲሓና የበቀራ ክፍል በመጽሐፍ የወጣው በ1980 ነው። ሸይኹ ከሞቱ 33 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እስከዚያው ሌላው ሰው ሥራውን ከፍጻሜ አድርሰውት ነበር። ከሸይኽ ሙሐመድ ቃሲም ቀጥለው ዋና ቃዲ የሆኑት ዛንዚባራዊው ሸይኽ ዐብደላህ ሷሊሕ ፋርሲ ሙሉውን የስዋሂሊኛ ትርጉም በ1969 አሳተሙ። የእኛው የአማርኛ ቁርኣን፣ የሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና የሐጅ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ ድካም፣ የታተመው በ1961 ዓ.ም. አይደለምን? ሁለቱ ሥራዎች ሲወጡ በመካከላቸው የሚኖረው ልዩነት ከወራት አይበልጥም።

በነገራችን ላይ፣ ሸይኽ ፋርሲ የምሥራቅ አፍሪካን የሻፊዒያ ዑለሞች ሕይወት የሚተርክ መጽሐፍም ጽፈዋል። ስለ ሸይኽ አል-አሚንና ስለ መምህሮቻቸው ዛሬ የሚታወቀው ብዙው ነገር ተመዝግቦ የቀረው እንዲህ ባሉ ሰዎች ብዕር ነው። የእኛ አገር ቃዲዎችስ? በየአውራጃው ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ያስታረቁ፣ ያዋረሱ፣ ያጋቡ ሰዎች ነበሩ። መቃብራቸውን የምናውቅ፣ የሞቱበትን ዓመት ግን የማንናገር ብዙዎች ነን። አያቱን የሚያስታውስ ሽማግሌ ቤቱ ያለ ወጣት በዚህ ወር ደብተር ይዞ ቢቀመጥ፣ ጽሑፉን ለዚህ ዐምድ ቢልከው በደስታ እንቀበላለን።

ሸይኽ አል-አሚን ሲሞቱ ልጃቸው ዐሊ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። አባትየው ልጁን ካይሮ አዝሃር ልከው ዓሊም ሊያደርጉት አስበው ነበር፤ ሐሳቡ ከእርሳቸው ጋር ተቀበረ። ልጁ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አላለፈም፤ በሞምባሳ የሙስሊሞች የትምህርት ተቋም ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የመውሊድ ዕለት ስለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ንግግር እንዲያደርግ ተጠየቀ። ከአድማጮቹ መካከል የኬንያው እንግሊዛዊ ገዥ ነበር። በንግግሩ ተገረመና ልጁ ተጨማሪ ትምህርት የሚያገኝበት መንገድ ተፈለገ፤ በ1955 ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። ያ ጸሐፊ በኋላ በማከረሬ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አስተማሪ ሆነ፤ በ1986 ደግሞ አፍሪካ ከራሷ፣ ከኢስላምና ከምዕራቡ የወረሰችውን የሚተርክ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ለዓለም አቀረበ።

በአዝሃር ወንበር አልተቀመጠም፤ ቃዲም አልሆነም። የአባቱ ጋዜጣ ያነሣው ጥያቄ፣ ሙስሊሙና አፍሪካዊው ለምን ወደ ኋላ ቀረ የሚለው፣ ግን ዕድሜውን ሁሉ አልለቀቀውም። በጥቅምት 2014 አሜሪካ ውስጥ ሲሞት አስከሬኑ ወደ ሞምባሳ ተወስዶ፣ ፎርት ጂሰስ ከተባለው የጥንት ምሽግ አጠገብ ባለው የመዝሩዒዎች መቃብር ተቀበረ።

ለአባትም ለልጅም አላህ ይዘንላቸው፤ አሚን።